የመኪና ማሞቂያ ቱቦ ፍሳሽ፦ ስለ መንስኤውና ስለ ምርመራው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ማሞቂያ ቱቦ የሚነሱት አብዛኞቹ ጥያቄዎች የሚመጡት ቱቦው አንድ ጊዜ ተቀይሮ ፍሳሹ ሲመለስ ነው። የረጠበው ቦታ ሁሉ ፍሳሹ የጀመረበት ቦታ አይደለም፤ የተቀደደው ቱቦም ሁልጊዜ የችግሩ ምንጭ ሆኖ አይገኝም። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶች በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሠራ፣ ሞተሩ በኩላንት (ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በሞተሩ ውስጥ በሚዞር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚቀዘቅዝ ማንኛውንም ተሽከርካሪ ይመለከታሉ።

የማሞቂያ ቱቦ የሚባለው የትኛው ነው? ከራዲያተር ቱቦ በምን ይለያል?

በሞተር ክፍሉ ውስጥ ወፈር ብለው የሚታዩት ሁለት ቱቦዎች ሞተሩን ከፊት ካለው ትልቅ ራዲያተር ጋር ያገናኛሉ። ቀጠን ያሉት፣ የውስጥ ስፋታቸው ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 19 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ወደ ኋላ ተጉዘው የሞተር ክፍሉን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው የብረት ግድግዳ ውስጥ የሚገቡት ግን የማሞቂያ ቱቦዎች ናቸው። አንደኛው ትኩሱን ኩላንት ከሞተሩ ተቀብሎ ከዳሽቦርዱ ስር ወደተቀመጠው ትንሽ ራዲያተር ያደርሳል፤ ሌላው ሙቀቱን ለጋቢናው የሰጠውን ኩላንት ወደ ሞተሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውሃ ፓምፑ መግቢያ ይመልሳል። መካኒኮች ሁለቱንም ዓይነት በጅምላ ማኒኮቶ ስለሚሏቸው፣ ጋራዥ ስትሄዱ የትኛውን እንደምትፈልጉ በጣት ማሳየቱ አለመግባባትን ያስቀራል።

ለኋላ መቀመጫ የራሱ ማሞቂያ ያለው ሚኒባስ ወይም ትልቅ የቤተሰብ መኪና ከሆነ ደግሞ ቱቦዎቹ አራት ይሆናሉ። ሁለቱ በመኪናው ሆድ ስር በብረት ቧንቧ እየተቀጠሉ ወደ ኋላ ስለሚሄዱ ፍሳሽ ሲፈለግ በቀላሉ ይረሳሉ።

ማሞቂያውን ፈጽሞ አልጠቀምበትም፤ ታዲያ ቱቦው እንዴት ሊያፈስ ይችላል?

በብዙ መኪኖች ላይ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ የሚከፍተውና የሚዘጋው የአየሩን መንገድ እንጂ የኩላንቱን መንገድ አይደለም። መቆጣጠሪያው ቀዝቃዛ ላይ ቢሆንም ትኩስ ኩላንት በማሞቂያ ቱቦዎቹ ውስጥ መዞሩን አያቋርጥም። እንዲያውም ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለኩላንቱ ወደ ትልቁ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ገና ሳይከፈት፣ ትልቁ ራዲያተር ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ በማሞቂያው መስመር ዝውውሩ ተጀምሯል። በመስመሩ ላይ ቫልቭ ያላቸው መኪኖችም ቢሆኑ ቫልቩ ዝውውሩን ይገታ እንደሆነ እንጂ ከሞተሩ ወገን ያለውን ግፊትና ሙቀት ከቱቦው ላይ አያነሳም። ስለዚህ የማሞቂያ ቱቦ ዕድሜ የሚቆጠረው ማሞቂያው በተከፈተበት ሰዓት ሳይሆን ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ነው። ቫልቩ ራሱም ከጊዜ ብዛት በዘንጉ ዙሪያ ወይም በፕላስቲክ አካሉ ላይ ስለሚያፈስ በምርመራ ጊዜ ከቱቦዎቹ ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል።

ፍሳሹ በምን ምልክቶች ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ሽታ ነው። ዋና ክፍሉ ኤትሊን ግላይኮል የሆነው ኩላንት ጣፋጭ ሽታ ስላለው፣ ጥቂት ጠብታ በትኩስ ብረት ላይ ሲያርፍ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጠረን በመኪናው ዙሪያ ወይም በአየር ማስገቢያው በኩል ይሰማል። ቀጥሎ የሚታየው በየጥቂት ቀኑ የሚወርድ የኩላንት መጠን ነው። ውሃው በሙቀት ተንኖ ሲሄድ በቱቦው ጫፍና በማሰሪያው ዙሪያ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ይቀራል፤ ቀለሙ በውስጡ ባለው የኩላንት ዓይነት ይወሰናል። መሬት ላይ ምንም ጠብታ ሳይታይ ይህ ቅርፊት ብቻ ከተገኘ፣ ፍሳሹ ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ መሬት ሳይደርስ እየደረቀ ነው ማለት ነው።

ብዙ አሽከርካሪዎች የማያስተውሉት ሌላ ምልክት አለ። ማሞቂያው ሲከፈት የሚነፍሰው አየር መጀመሪያ ሞቆ በኋላ የሚቀዘቅዝ፣ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ ደግሞ ተመልሶ የሚሞቅ ከሆነ፣ የኩላንቱ መጠን ወርዶ ወደ ትንሹ ራዲያተር አየር ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ምልክት የሙቀት ጌጁ ከፍ ከማለቱ በፊት ሊመጣ ስለሚችል፣ በእኔ ግምት ከጌጁ ይልቅ የሚታመን ማስጠንቀቂያ ነው። ጌጁ የሚያነበው የሙቀት ሴንሰሩ በኩላንት ውስጥ ተነክሮ ሲገኝ ብቻ ነው። ኩላንቱ ከሴንሰሩ በታች ከወረደ መርፌው ዝቅ ብሎ ሊታይ፣ አሽከርካሪውም ሞተሩ ደህና እንደሆነ ሊገምት ይችላል፤ ሞተሩ ግን በዚያው ሰዓት እየተቃጠለ ይሆናል።

ከመኪናው ስር ያየሁት ውሃ ከኤር ኮንዲሽነሩ ነው ወይስ ኩላንት ነው?

የኤር ኮንዲሽነሩ ማፍሰሻ ቱቦ የሚወጣው የማሞቂያ ቱቦዎቹ ከሚገቡበት ግድግዳ አካባቢ በመሆኑ ሁለቱ ይምታታሉ። በነጭ ወረቀት ወይም በነጭ ጨርቅ መጥረግ በቂ መለያ ነው፦ የኤር ኮንዲሽነሩ ውሃ ቀለም፣ ሽታና ልዝብነት የለውም፤ ኩላንት ግን ቀለም ይተዋል፣ በጣቶች መካከልም ያሟልጫል። ለመለየት ተብሎ በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ ኤትሊን ግላይኮል ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ውሾችና ድመቶች ከመሬት እየላሱት ስለሚሞቱ፣ የፈሰሰውንም ወዲያው አጥቦ ማስወገድ ያስፈልጋል። በመኪናው ውስጥ ያለው ኩላንት ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን ይህ መለያ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ኤር ኮንዲሽነሩን ዘግቶ አንድ ቀን መንዳትና ጠብታው መቀጠል አለመቀጠሉን ማየት ይሻላል።

ቱቦው እንዲያፈስ የሚያደርጉት ነገሮች ምንድን ናቸው?

የማሞቂያ ቱቦ የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ ግፊቱን የሚሸከመው በጎማው ንብርብሮች መካከል የተጠለፈ ክር ነው። ይህ ጎማ ሙቀትን፣ ውሃንና ግላይኮልን በደንብ ይቋቋማል፤ የማይቋቋመው ዘይትንና ነዳጅን ነው። ከቫልቭ ክዳን ወይም ከመሪ ዘይት መስመር የሚንጠባጠብ ዘይት ለወራት ሲያርፍበት ቱቦው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሲጨብጡት እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል። እንዲህ ያለው ቱቦ በአዲስ ቢተካም የዘይቱ ፍሳሽ እስካልቆመ ድረስ አዲሱ ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል።

ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው ያደርቀዋል። ከጭስ ማውጫው ወይም ከተርቦው አጠገብ የሚያልፍ ቱቦ ውጫዊ ሽፋኑ ይጠነክራል፣ ሲያጥፉት ይሰነጣጠቃል። በዚህ ላይ ሞተሩ ሲነሣና ማርሽ ሲገባ በመቀመጫዎቹ ላይ ስለሚወዛወዝ፣ የቱቦው አንድ ጫፍ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሌላው ጫፍ ግን አይንቀሳቀስም። ያረጀ የሞተር መቀመጫ ያለው መኪና ቱቦውን በየቀኑ እያጠፈና እየዘረጋ ይሰነጥቀዋል። ቱቦውን ከብረት ጠርዝ የሚያርቀው ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ከተሰበረ ወይም ለጥገና ተፈትቶ ሳይመለስ ከቀረ ደግሞ፣ ጠርዙ ቱቦውን እንደ ሞረድ እየፋቀ እስከ ክሩ ድረስ ይበላዋል። እንዲህ ያለው ቀዳዳ የሚገኘው በቱቦው መሐል፣ ብዙውን ጊዜም ዐይን በማይደርስበት በታችኛው ጎኑ ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው ፍሳሽ የሚጀምረው ከመሐል ሳይሆን ከጫፎቹ ነው። ማሰሪያው ወይም ፋሸታው ላልቶ፣ ዝጎ ወይም ከልክ በላይ ጠብቆ ጎማውን ቆርጦት ይገኛል፤ አለዚያም ቱቦው የሚሰካበት የብረት አፍ በዝገት ተቦርቡሮ ጎማው በእኩል እንዳያርፍ ያደርጋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ የቱቦው ጫፍ በፕላስቲክ መጋጠሚያ ተገጥሞ በጎማ ቀለበት ይታሸጋል፤ መስመሩን ለሁለት የሚከፍለው የቲ ቅርጽ ያለው መጋጠሚያም ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ከዓመታት ሙቀት በኋላ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል፣ የሚሰበረውም ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ነው። ቱቦዎቹ ጤነኛ ቢሆኑም ያረጁ የፕላስቲክ መጋጠሚያዎችን አብሮ መቀየር ተገቢ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻም ቱቦው ራሱ ምንም ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ግፊት ሊገጥመው ይችላል። የራዲያተር ክዳን በብዙ መኪኖች ላይ ከ0.9 እስከ 1.1 ባር አካባቢ ባለው ግፊት ተከፍቶ ትርፉን ያስተነፍሳል። የክዳኑ ስፕሪንግ ከተጣበቀ ወይም ያልተስማማ ክዳን ከተገጠመ ግፊቱ ከዚህ ያልፋል። የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን ማለትም ማሸጊያው ተበልቶ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ኩላንቱ ሲገባም ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያሻቅብና ካሉት ቱቦዎች መካከል ደካማው ይፈነዳል።

ቱቦው ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ግን ያፈስሳል። እንዴት ይሆናል?

ጎማው በውስጥ በኩል በኤሌክትሮ ኬሚካል መንገድ ስለሚጎዳ ነው። ኩላንቱ፣ የብረት አፉና ጎማው አንድ ላይ ሲሆኑ እንደ ደካማ ባትሪ ይሆናሉ፤ የሚፈጠረው አነስተኛ ጅረት በጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቁመቱን ተከትለው የሚሄዱ ጥቃቅን ስንጥቆችን ያበጃል። ኩላንቱ በስንጥቆቹ ገብቶ ክሩን ያዳክመዋል፤ ከዚያ በኋላ ቱቦው እንደ መርፌ ቀዳዳ በሚጠብብ ክፍተት ያፈስሳል ወይም በድንገት ይፈነዳል። ጉዳቱ የሚበረታው ከጫፎቹ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍል ላይ ነው።

ምርመራውም የሚደረገው በጣት እንጂ በዐይን አይደለም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጀመሪያ ከማሰሪያው አጠገብ፣ ቀጥሎ መሐሉ ላይ መጨበጥ ነው። ጫፉ ከመሐሉ ይልቅ ለስላሳ ከሆነ ወይም ከጣት ስር የተሰነጠቀ መስመር ከተሰማ፣ ውጩ ምንም ቢያምር ቱቦው ዕድሜውን ጨርሷል። አራት ዓመት ያለፈውን ቱቦ በየአገልግሎቱ በዚህ መንገድ መጨበጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ጉዳቱን የሚያፋጥነው አንድ ነገር የሞተሩ ወይም የአንድ ኤሌክትሪክ ዕቃ የመሬት ገመድ መላላት ነው፤ መመለሻ ያጣው ጅረት በኩላንቱ በኩል መንገድ ይፈልጋል። የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ራዲያተር ውስጥ ባለው ኩላንት ብቻ፣ ብረቱን ሳይነኩ፣ አገናኝቶ ማንበብ ይቻላል። ንባቡ ከ0.3 ቮልት የሚበልጥ ከሆነ ወይ ኩላንቱ አርጅቷል ወይ የባዘነ ጅረት አለ፤ መብራቱንና ቬንቲላተሩን በየተራ ሲከፍቱ ንባቡ የሚዘል ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ መሬት ገመዱ ያዘነብላል።

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይንጠባጠባል፤ ሲሞቅ ግን ይቆማል። ይህ ምንን ያሳያል?

ይህ ከማሰሪያው የሚመጣ ፍሳሽ መልክ ነው። ጎማና ብረት በሙቀት የሚሰፉትና በቅዝቃዜ የሚኮማተሩት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ በብሎን የሚጠብቀው ተራ ማሰሪያ ሌሊት ላይ ይላላል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ይይዛል። ጎማው በማሰሪያው ስር ለዓመታት ስለተጨመቀ የመለጠጥ ኃይሉን አጥቷል። ብሎኑን በግማሽ ዙር ማጥበቅ ለጊዜው ያቆመዋል፤ በየክረምቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን መፍትሔው እንደ ስፕሪንግ እየተከተለ የሚጨብጠውን ማሰሪያ መግጠም ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የስፕሪንግ ማሰሪያ «ደካማ ይመስላል» ብሎ በብሎን ማሰሪያ መተካት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ደካማ የሚመስለው ማሰሪያ ነው ከጎማው ጋር አብሮ የሚንቀሳቀሰው።

ፍሳሹ የት እንዳለ ለማግኘት ከየት ልጀምር?

ሁሉም ነገር ከመነካቱ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከከባቢው አየር ግፊት በ1 ባር በሚበልጥ ግፊት ስር ያለ ውሃ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግፊቱ ስለሚወርድ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና እጅን ያቃጥላል። ትንሹም ጉዳት ከባድ በመሆኑ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥድፊያ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ በጥሩ የእጅ መብራት፣ ከላይ ወደ ታች መመልከት ነው። ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከረጠበው ቦታ ተነሥቶ ወደ ላይና ወደ ፊት መሄድና የመጨረሻውን ከፍተኛ እርጥብ ነጥብ መፈለግ ያስፈልጋል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት የማሞቂያ ቱቦን ሁለት ጊዜ ከቀየርኩ በኋላ ነበር ጠብታው የሚመጣው ከበላዩ ካለው የቴርሞስታት ቤት ጓርኒሲዮን እንደሆነ ያየሁት፤ ውሃው በቱቦው ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ማሰሪያው ጋ ሲደርስ ይወድቅ ነበር፣ እኔም ማሰሪያውን እከስስ ነበር። ጥርጣሬ ያለበትን አካባቢ አስቀድሞ በውሃ አጥቦ ማድረቅና መኪናውን ጥቂት ነድቶ እንደገና ማየት እንዲህ ካለው ስሕተት ያድናል።

በዐይን ካልተገኘ ቀጣዩ እርምጃ የግፊት ምርመራ ነው። መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ በራዲያተሩ ወይም በኩላንት ማጠራቀሚያው ክዳን ፈንታ ይገጠምና፣ ሞተሩ ቀዝቃዛና ጠፍቶ እንዳለ፣ ክዳኑ ላይ ወደተጻፈው ግፊት ይነፋል። ከዚያ በላይ መንፋት ጤነኛውን ትንሽ ራዲያተር ሊቀድ ስለሚችል አይፈቀድም። መርፌው ለ15 ደቂቃ ያህል ሳይወርድ ከቆየ ሲስተሙ በቀዝቃዛነቱ ያዥ ነው። ከወረደ ግን በጸጥታ ውስጥ ማዳመጥና መመልከት፣ ቱቦዎቹንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ የሚከፈተው ቱቦው ሲታጠፍ ብቻ ነው። ክዳኑም በዚሁ ፓምፕና በራሱ መጋጠሚያ ለብቻው ይመረመራል። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ኩላንትን በእንፋሎት እያባከነ የማይገኝ ፍሳሽ እንዳለ ያስመስላል።

ጠብታው በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ከሆነ የሚያበራ ቀለም ይጠቅማል። ለኩላንት የተዘጋጀው ቀለም ይጨመርና መኪናው ለጥቂት ቀናት ይነዳል፤ ከዚያ በጨለማ ቦታ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ የፈሰሰበት መስመር አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ያበራል። ለዘይት የተሠራውን ቀለም ኩላንት ውስጥ መጨመር ግን ጥቅም የለውም፤ ከውሃ ጋር አይዋሃድም።

የግፊት መለኪያው ይወርዳል፤ ከሞተሩ ውጭ ግን አንድም ጠብታ አላየሁም። ኩላንቱ የት ሄደ?

ሦስት የተደበቁ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ከዳሽቦርዱ ስር ያለው ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ፍሳሹ በማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል። ሁለተኛው፣ የኋላ ማሞቂያ ላላቸው መኪኖች፣ ከወለሉ ስር ያለው መስመር ነው። ሦስተኛው የሞተሩ ውስጥ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከማርሚታው ሳያቋርጥ መውጣቱ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መምሰሉ፣ ወይም ቀዝቃዛው ሞተር እንደተነሣ በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ መፍላቱ ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ያመለክታል። ለዚህ የተዘጋጀ፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ሰማያዊነቱን ለቆ ቢጫ የሚሆን የመመርመሪያ ፈሳሽ አለ፤ ቴስታታ ከማውረድ በፊት እሱን መሞከር ብዙ ድካም ያስቀራል።

በመኪናው ውስጥ የፊት ምንጣፉ ረጥቧል። ጥፋተኛው ቱቦው ነው ወይስ ትንሹ ራዲያተር?

የማሞቂያ ቱቦዎች በአብዛኛው የሚያበቁት ከግድግዳው ወዲያ፣ በሞተሩ በኩል ስለሆነ፣ እነሱ ሲያፈስሱ የሚረጥበው የሞተር ክፍሉ ነው። ምንጣፉ በኩላንት ከረጠበ፣ የፊት መስታወቱም ውስጥ በኩል ቅባት በመሰለ ጭጋግ ከተሸፈነና ጨርቅ ሲያገኘው የሚለጠፍ ከሆነ፣ ትንሹ ራዲያተር ወይም ከሱ ጋር የሚገናኘው የቧንቧ መጋጠሚያ አፍስሷል ማለት ይቀርባል። ሆኖም ግድግዳው ላይ ያለው ማሸጊያ ጎማ ከተበላ፣ በሞተሩ በኩል የፈሰሰው ኩላንት የቧንቧዎቹን ጀርባ ተከትሎ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዳሽቦርድ ማውረድ የቀናት ሥራ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የግድግዳውን ሁለት ወገን በግፊት ምርመራ ጊዜ በደረቅ ወረቀት መጥረግና የትኛው አስቀድሞ እንደሚረጥብ ማየት ግዴታ ነው። የኤር ኮንዲሽነሩ ማፍሰሻ ተደፍኖ ንጹሕ ውሃ ወደ ምንጣፉ የሚገባበት አጋጣሚም ጥቂት አይደለም።

እያፈሰሰ መንዳት እችላለሁ?

ላብ መስሎ የሚወጣና ቅርፊት ብቻ የሚተው ፍሳሽ ከሆነ፣ በየቀኑ ጠዋት መጠኑን እየተመለከቱ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። የሚንጠባጠብ ወይም የሚረጭ ከሆነ ግን አይቻልም። የተሳፋሪ መኪና ሲስተም በጠቅላላው የሚይዘው በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ሊትር ስለሆነ፣ ፓምፑ በተቀደደ ቱቦ በኩል ይህን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አውጥቶ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ የሚከተለው የተጣመመ ቴስታታ ነው። በመንገድ ላይ ጌጁ ከወጣ ወይም እንፋሎት ከታየ፣ ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ብረቱን ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቁ ግድ ነው።

መንገድ ላይ ለጊዜው የምጠግነው እንዴት ነው? የፍሳሽ መድፈኛ ኬሚካልስ ልጨምር?

ቀዳዳው ከጫፉ አጠገብ ከሆነና ቱቦው ትርፍ ርዝመት ካለው፣ የተበላሸውን ጫፍ በቀጥታ ቆርጦ መልሶ መሰካትና ማሰር ከሁሉም የተሻለ ጊዜያዊ ጥገና ነው። መሐሉ ላይ ከሆነ በራሱ ላይ የሚጣበቅ የሲሊኮን ቴፕ፣ በደረቀና በተጠረገ ቱቦ ላይ እየለጠጡ መጠቅለል ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ያስኬዳል፤ የራዲያተር ክዳኑን አንድ ደረጃ ላላ አድርጎ መንዳት ግፊቱን ስለሚቀንስ ቴፑን ያግዘዋል፣ ነገር ግን ሞተሩ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ቀስ ብሎ መሄድን ይጠይቃል። ፍሳሹ ከትንሹ ራዲያተር ከሆነ ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱን ቱቦዎች ከግድግዳው ነቅሎ በአንድ አጭር ቱቦ ወይም የብረት ቧንቧ ማገናኘት ይቻላል፤ ማሞቂያው አይሠራም እንጂ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ሁለቱን ጫፎች በየፊናቸው መድፈን ግን ዝውውሩን ስለሚያቋርጥ በዚህ መስመር ላይ በሚተማመኑ ሞተሮች ላይ ሙቀት ያስከትላል።

መድፈኛ ኬሚካሉን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ለተቀደደ ጎማ አይሠራም፤ ጎማው በየጊዜው ስለሚንቀሳቀስ የተደፈነው ይከፈታል። የሚደፍነው ይልቅ በሲስተሙ ውስጥ ካሉት መንገዶች ሁሉ ጠባብ የሆነውን፣ ማለትም የትንሹን ራዲያተር ቧንቧዎች ነው።

አዲስ ቱቦ ሲገጠም ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ ቱቦው ለኩላንት የተሠራ መሆኑ ይረጋገጥ። የነዳጅ ቱቦ የሚሠራው ከሌላ ጎማ ስለሆነ ለሙቅ ግላይኮል አይሆንም፤ የአትክልት ውሃ ቱቦ ደግሞ ከሰዓታት በላይ አይቆይም። ከፋብሪካው ጠመዝማዛ ቅርጽ ይዞ በመጣ ቱቦ ፈንታ ቀጥ ያለውን አጥፎ መግጠም በመታጠፊያው ላይ ስለሚያንቀው አይመከርም።

አሮጌውን ሲያወጡ ከትንሹ ራዲያተር አፍ ላይ በኃይል መጠምዘዝ ስስ ቧንቧውን ይሰብረዋል፤ ከተጣበቀ ቁመቱን በስለት ሰንጥቆ መላጥ ነው። የብረቱ አፍ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፣ የተቦረቦረ ከሆነ አዲስ ቱቦም አያድነውም። ቱቦውን ለማስገባት በኩላንት ወይም በሳሙና ውሃ ማራስ ይበቃል፤ ዘይትና ግሪስ ጎማውን ይበላሉ። ማሰሪያው በአፉ ላይ ካለው ከፍ ያለ ቀለበት ኋላ ይቀመጣል፣ በቀለበቱ ላይ ወይም በቱቦው ጠርዝ ላይ አይደለም። ብሎኑም ጎማው በማሰሪያው ቀዳዳዎች በኩል ተጨምቆ መውጣት ሳይጀምር ይቁም። ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱ በዕድሜ ከተበላሸ ሌላውም እኩል ስለኖረ አብሮ ቢቀየር ኩላንቱን ሁለት ጊዜ ከማፍሰስ ያድናል።

ቱቦው ተቀይሮ መኪናዬን ከወሰድኩ በኋላ በማግስቱ ኩላንቱ ወርዶ አገኘሁት። እንደገና አፍስሷል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ሲስተሙ ሲከፈት የገባው አየር ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ እየወጣ ቦታውን ለኩላንቱ ስለሚለቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ጉዞዎች መጠኑ ጥቂት መውረዱ ይጠበቃል። ትንሹ ራዲያተር በብዙ መኪኖች ላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አየሩ የሚጠራቀመው እሱ ዘንድ ነው፤ ማስተንፈሻ ብሎን ካለ እሱን ከፍቶ፣ ከሌለ ደግሞ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሞ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ሙቀት ላይ አድርጎ፣ የራዲያተሩ ቬንቲላተር እስኪነሣ ሞተሩን ማስጋል ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለቱንም የማሞቂያ ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳስሱ፦ ሁለቱም ከሞቁ ዝውውሩ ደህና ነው፤ አንዱ የሚያቃጥል ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ አየር ቀርቷል ወይ ትንሹ ራዲያተር ተደፍኗል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መጠኑን አስተካክሉና በማጠራቀሚያው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ፤ ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በቀዝቃዛ ሞተር ሲለካ አሁንም ከምልክቱ በታች ከወረደ የግፊት ምርመራው እንደገና ይደረጋል።